የስፖርት ሥነ ልቦና ባለሙያ ለመሆን፦ ዲግሪው፣ ክትትል ያለበት ሥራና ፈቃዱ

ስፖርት ሳይኮሎጂ በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ሥራዎችን ይዟል። የመጀመሪያው ጤነኛ የሆነ ስፖርተኛ በልምምድ ያካበተውን አቅም በውድድር ዕለት ሳይሸራረፍ እንዲያወጣ ማገዝ ነው፤ ትኩረትን ማሠልጠን፣ ከውድድር በፊት የሚመጣውን ጭንቀት መግራት፣ ግብ ማስቀመጥን ማስተማር፣ ውድድሩን በዓይነ ሕሊና መለማመድ፣ ከጉዳት የተመለሰ ተጫዋች እግሩን እንደገና እንዲያምን መርዳት በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ሁለተኛው የሕክምና ሥራ ነው፤ ድብርት የያዘውን፣ ምግብ የተወውን፣ በሱስ የተጠመደውን ወይም ሕይወቱን ለማጥፋት የሚያስበውን ስፖርተኛ መመርመርና ማከም ነው። ወደዚህ ሙያ ለመግባት የሚያስብ ሰው ከሁለቱ የትኛውን መሥራት እንደሚፈልግ ዩኒቨርሲቲ ከመምረጡ በፊት ቢወስን ይመረጣል፤ የትምህርቱ ርዝመት፣ የሚጠየቀው ፈቃድና በመጨረሻ ሊጠራበት የሚችለው የሙያ ስም የሚመሠረቱት በዚህ ውሳኔ ላይ ነውና።

የሙያ ስሙም ቀላል ጉዳይ አይደለም። በአሜሪካ «ሳይኮሎጂስት» የሚለው መጠሪያ በየክፍለ ግዛቱ ሕግ የተጠበቀ ስለሆነ፣ ሁለተኛ ዲግሪ ብቻ ያለው ሰው ስፖርተኞችን ስለ አእምሮ ዝግጅት ማማከር ቢችልም ራሱን «ስፖርት ሳይኮሎጂስት» ብሎ ካስተዋወቀ በአብዛኛው ክፍለ ግዛት በሕግ ይጠየቃል። በብሪታንያም «የስፖርትና የአካል እንቅስቃሴ ሳይኮሎጂስት» የሚለው ስም እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የተጠበቀ ሲሆን፣ በጤናና እንክብካቤ ሙያዎች ምክር ቤት መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ሰው ሊጠቀምበት አይችልም። በእኛ አገር አብዛኛው ሰው ስፖርት ሳይኮሎጂን የሚያውቀው በስፖርት ሳይንስ ትምህርት ውስጥ እንደሚሰጥ አንድ ኮርስ ነው፤ አንድ ኮርስ ደግሞ ስለ ሙያው ያሳውቃል እንጂ ለሙያው አያበቃም።

የየአገሩን ሥርዓት ጎን ለጎን ያየ ሰው አንድ የጋራ ነገር ያገኛል። ዲግሪው በር ይከፍታል፤ ባለሙያውን ባለሙያ የሚያደርገው ግን ልምድ ባለው ሰው ዓይን ሥር፣ ስሕተቱ እየታየና እየታረመ የሠራበት ሰዓት ነው። በሙያው ሱፐርቪዥን የሚባለው ይህ ነው። መንገዱን ለመጀመር የሚነሱ ወጣቶች ስለ ዲግሪውና ስለ ስኮላርሺፑ አብዝተው ሲጨነቁ ይታያል፤ ሱፐርቫይዘሩን ከየት እንደሚያገኙ ግን የሚያስቡበት አብዛኛውን ጊዜ ከተመረቁ በኋላ ነው። በእኔ እምነት ቅደም ተከተሉ መገልበጥ ይኖርበታል፤ የዚህ መመሪያ ሰፊ ክፍልም ለዚሁ የተሰጠ ነው።

የመጀመሪያ ዲግሪ፦ ሳይኮሎጂ ወይስ ስፖርት ሳይንስ?

በኢትዮጵያ ለዚህ ሙያ የሚያዘጋጁት የመጀመሪያ ዲግሪዎች ሁለት ናቸው፦ ሳይኮሎጂና ስፖርት ሳይንስ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሁለቱንም ያስተምራል፤ ሌሎች በርካታ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም እንዲሁ። ስፖርት ሳይንስ የሰውነትን አሠራር፣ የልምምድ ጫናን፣ የእንቅስቃሴ ሕግንና አሠልጣኝነትን ያስጨብጣል። ሳይኮሎጂ ደግሞ ባሕርይ እንዴት እንደሚቀረጽ፣ ጤነኛ ጭንቀት ከሕመም በምን እንደሚለይ፣ የምክር አገልግሎት እንዴት እንደሚሰጥ፣ መጠይቅ እንዴት እንደሚዘጋጅና ስታትስቲክስ እንዴት እንደሚነበብ ያስተምራል።

ሁለቱም ደጃፍ ላይ ለቆመ ሰው ምክሬ ሳይኮሎጂን እንዲመርጥ ነው። ምክንያቱ ስፖርት ሳይንስ ስለሚያንስ አይደለም፤ የጎደለውን መሙላት ከየትኛው ወገን ይቀልላል የሚለው ነው። ሳይኮሎጂ የተማረ ሰው የስፖርቱን ዕውቀት ከሜዳ ሊቀስም ይችላል፦ የዓለም አትሌቲክስን የመጀመሪያ ደረጃ የአሠልጣኝነት ሥልጠና ወይም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንን የዲ ፈቃድ ሥልጠና ሊወስድ፣ አንድ የውድድር ዓመት ሙሉ ከአንድ ክለብ ጋር ሊውል ይችላል። ስፖርት ሳይንስ የተማረ ሰው ግን የምክር አገልግሎትንና የአእምሮ ሕመም ዕውቀትን በአጭር ሥልጠና ሊያሟላው አይችልም። በብሪታንያው መንገድ ለመሄድ ደግሞ የብሪታንያ የሳይኮሎጂ ማኅበር ዕውቅና የሚሰጠው መሠረታዊ የሳይኮሎጂ ትምህርት የግድ ነው፤ ከውጭ አገር የተገኘ ዲግሪ በማኅበሩ አንድ በአንድ ይገመገማል፣ ሌላ ትምህርት ያጠና ሰውም በመሸጋገሪያ ሁለተኛ ዲግሪ ሊያሟላው ይችላል። ስለዚህ ስፖርት ሳይንስ ያጠና አንባቢ ተስፋ ሊቆርጥ አይገባም፤ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ተጨማሪ ትምህርት እንደሚጠብቀው ግን ከወዲሁ ይቁጠረው።

በዩኒቨርሲቲ ቆይታ ቸል መባል የሌለበት ስታትስቲክስ ነው። ብዙ ተማሪ የሚሸሸው ትምህርት ይህ ሲሆን፣ በኋላ ላይ አንድ ዘዴ ይሠራል ወይስ አይሠራም የሚለውን በራስ ዓይን መለየት የሚቻለው ግን በእርሱ ነው፤ በዚህ ሙያ ዙሪያ ደግሞ ማስረጃ የሌለው ሸቀጥ ሞልቷል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተና እንደሚወስዱ፣ ወደ ሁለተኛ ዲግሪ ለመግባትም የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና እንዳለ አንባቢው ያውቀዋልና በዚህ ላይ አልቆይም።

ሁለተኛ ዲግሪና የውጭ አገር መንገዶች

በአገር ውስጥ ለሚቀር ሰው የምክር አገልግሎት ሳይኮሎጂ ወይም ክሊኒካል ሳይኮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ ወስዶ የመመረቂያ ጥናቱን በስፖርተኞች ላይ መሥራት ጥሩ መንገድ ነው። የጥናቱ ርዕስ በቀጣዩ ሥራ ላይ የራሱን አሻራ ይተዋልና በጥንቃቄ ይመረጥ፤ ለምሳሌ ከጉዳት የሚመለሱ የእግር ኳስ ተጫዋቾች ፍርሃት፣ ወይም ከገጠር ወደ ማሠልጠኛ ማዕከል የመጡ ታዳጊ ሯጮች ብቸኝነት፣ ተማሪውን ገና ሳይመረቅ ከክለብና ከአሠልጣኝ ጋር የሚያስተዋውቅ ርዕስ ነው።

በብሪታንያ መንገዱ በግልጽ የተሰመረ ነው። ዕውቅና ካለው የሳይኮሎጂ ዲግሪ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓመት የሚፈጅ የስፖርትና የአካል እንቅስቃሴ ሳይኮሎጂ ሁለተኛ ዲግሪ፣ ከዚያም ቢያንስ ሁለት ዓመት የሚወስድና በሱፐርቫይዘር የሚመራ የሥራ ላይ ሥልጠና ይከተላል፤ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርቱንና ሥራውን አጣምረው በሙያ ዶክትሬት ይሰጣሉ። እዚህ ላይ ለኢትዮጵያውያን አመልካቾች አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። የብሪታንያ መንግሥት የቼቭኒንግ ስኮላርሺፕ የአንድ ዓመት ሁለተኛ ዲግሪን ስለሚሸፍን ለዚህ ትምህርት ልክ የተሰፋ ይመስላል፤ ነገር ግን ተመራቂው ቢያንስ ለሁለት ዓመት ወደ አገሩ እንዲመለስ ያስገድዳል። ስለዚህ ተማሪው የሚመለሰው ትምህርቱን ጨርሶ፣ ክትትል ያለበትን ሥራ ግን ሳይጀምር ነው። በዚያ አንድ ዓመት ውስጥ ከመምህራኑ መካከል በኋላ በቪዲዮ ሊከታተለው ፈቃደኛ የሚሆን ሰው አግኝቶ መመለስ ከሚያመጣው ወረቀት ያላነሰ ዋጋ አለው።

በአሜሪካ የሚሄደው መንገድ ሁለት ቅርንጫፍ አለው። ሳይኮሎጂስት ሆኖ ማከም የሚፈልግ ሰው ዶክትሬት፣ የአንድ ዓመት ኢንተርንሺፕ፣ የፈቃድ ፈተናና ክፍለ ግዛቱ የሚጠይቀውን ክትትል ያለበት ሥራ ማጠናቀቅ ይጠበቅበታል፤ ይህ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ከስድስት እስከ ስምንት ዓመት ይወስዳል ብሎ ማቀድ ተገቢ ነው። በአእምሮ ዝግጅት ላይ ብቻ መሥራት የሚፈልግ ሰው ደግሞ በስፖርት ሳይንስ፣ በሳይኮሎጂ ወይም ተቀራራቢ በሆነ ዘርፍ ሁለተኛ ዲግሪ ይዞ የተግባራዊ ስፖርት ሳይኮሎጂ ማኅበር የሚሰጠውን ሲኤምፒሲ የተባለ የምስክር ወረቀት መያዝ ይችላል። ማኅበሩ የሚጠይቃቸው የትምህርት ዘርፎች ስምንት ናቸው፦ የሙያ ሥነ ምግባር፣ ስፖርት ሳይኮሎጂ፣ ስፖርት ሳይንስ፣ የአእምሮ ሕመም ጥናት፣ የምክር ግንኙነት፣ የምርምር ዘዴና ስታትስቲክስ፣ የባሕርይ ሥነ ልቦናዊ መሠረት፣ እንዲሁም ብዝኅነትና ባህል። ይህ ዝርዝር ወደ አሜሪካ ለመሄድ ለማያስብ ሰውም ይጠቅማል፤ የራስዎን የውጤት ማስረጃ ከጎኑ አስቀምጠው የትኛው እንደጎደለ ይመልከቱ። ፍሎሪዳ ስቴት፣ ዌስት ቨርጂኒያና ዴንቨር ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ዘርፍ የታወቁ ናቸው። በአውሮፓ ደግሞ በፊንላንድ የሚገኘው የዩቫስኩላ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን በእንግሊዝኛ ይሰጣል።

ክትትል ያለበት ሥራ

የአሜሪካው ምስክር ወረቀት የሚጠይቀው ክትትል ያለበት ሥራ 400 ሰዓት ነው። ከዚህ ውስጥ ቢያንስ 200ው ከስፖርተኞች ጋር በቀጥታ የተሠራበት፣ 50ው ከሱፐርቫይዘሩ ጋር ስለ ሥራው የተነጋገሩበት መሆን አለበት፤ የቀረው ለዝግጅት፣ ለንባብ፣ ማስታወሻ ለመጻፍና ልምምድ ለመመልከት ይውላል። ስሌቱን ልብ ይበሉ፦ ከስፖርተኛ ጋር ለሚያሳልፉት ለእያንዳንዱ አራት ሰዓት አንድ ሰዓት ከሱፐርቫይዘር ጋር ይቀመጣሉ ማለት ነው። የትኛውንም የምስክር ወረቀት የማይፈልግ ሰው እንኳ ይህን ምጣኔ ለራሱ ሕግ ቢያደርገው ይበጀዋል።

በዚያ አንድ ሰዓት ምን ይሠራል? ሠልጣኙ በስፖርተኛው ፈቃድ የቀዳውን ድምፅ ወይም በዕለቱ የጻፈውን ማስታወሻ ይዞ ይቀርባል። ማስታወሻው አራት ነገሮችን ለይቶ ቢይዝ ጥሩ ነው፦ ስፖርተኛው ያለውን በራሱ ቃል፣ ሠልጣኙ ያሰበውን፣ ያደረገውን፣ ሳያደርግ የቀረውንና ለምን እንደተወው። አራቱን ማደባለቅ የጀማሪ ሁሉ ችግር ነው። ለምሳሌ ሱሉልታ ላይ የምትለማመድ አንዲት ወጣት ሯጭ «ዳገቱ ላይ ስደርስ ወኔዬ ይከዳኛል» ብትል፣ ጀማሪው «በራስ መተማመን ያንሳታል» ብሎ ጽፎ ወዲያው የአተነፋፈስ ልምምድ ያስተምራታል። ጥሩ ሱፐርቫይዘር ግን ይጠይቀዋል፦ የትኛው ዳገት? ከመቼ ጀምሮ? ከጧት ልምምዱ በፊት ምን በልታ ነበር? ስንት ሰዓት ተኛች? ደሟ ተመርምሯል? የብረት ማዕድን እጥረት ረጅም ርቀት በሚሮጡ ሴቶች ላይ የተለመደ ነውና፣ ወኔ የመሰለው ነገር የደም ማነስ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ሠልጣኙ እንዲህ ባለው ጥያቄ ፊት ደጋግሞ ካልቆመ፣ ሃያ ዓመት ቢሠራ እንኳ አንዱን ዓመት ሃያ ጊዜ ሲደጋግም ይኖራል።

ሁለተኛው ከሱፐርቪዥን ውጭ የማይማሩት ነገር «እሺ» የሚለውን ቃል ማንበብ ነው። በእኛ ባህል ስፖርተኛው የተማረን ሰው «መምህር» ወይም «ዶክተር» ብሎ ያከብራል፤ ይሉኝታም አለ። የታዘዘውን ልምምድ እንደማይሠራው እያወቀ «እሺ» ይላል፤ በሳምንቱም «እንዴት ነበር?» ሲባል «ጥሩ ነው» ብሎ ይመልሳል። ሠልጣኙ ይህን እንደ ስምምነት ከቆጠረው ለወራት ነፋስ ሲዘግን ይከርማል። የሚሠራው ዘዴ ጥያቄውን መለወጥ ነው፤ «ይህን ትሠራለህ?» ከማለት ይልቅ «ከሳምንቱ በየትኛው ቀን አይመችህም?» ብሎ መጠየቅ፣ ወይም ልምምዱን ስፖርተኛው መልሶ ለሠልጣኙ እንዲያስተምረው ማድረግ። ታላቅ ለታናሽ በሚያዝበት ቡድን ውስጥ ደግሞ ታናሹን ለብቻው ማነጋገር ግድ ይሆናል።

ሱፐርቫይዘርን በአገር ውስጥ ለማግኘት ሁለት ሰዎችን ማጣመር የተሻለ ይመስለኛል። አንዱ በዩኒቨርሲቲ ወይም በሆስፒታል የሚሠራ፣ በምክር አገልግሎት ወይም በክሊኒካል ሳይኮሎጂ የበሰለና ቋንቋውን የሚሰማ ሰው ይሁን፤ ቅጂውን አዳምጦ የድምፁን ቃና፣ የዝምታውን ርዝመት፣ የ«እሺ»ውን ትርጉም የሚያነብ እርሱ ነው። ሌላው በውጭ አገር ያለ የስፖርት ሳይኮሎጂ ባለሙያ ይሁን፤ ከእርሱ ጋር በወር ሁለት ጊዜ በቪዲዮ መነጋገርና የአንዱን ውይይት ጽሑፍ ተርጉሞ ማቅረብ ይቻላል። ትርጉሙ አድካሚ ቢሆንም፣ የራስን ንግግር ቃል በቃል መጻፍ በራሱ ትልቅ ትምህርት ነው፤ ሰው ምን ያህል እንደሚያወራና ምን ያህል እንደሚያዳምጥ የሚያየው ያን ጊዜ ነው።

ሰዓቱን የሚሞሉበትን ቦታ በተመለከተ ከብሔራዊ ቡድን አይጀምሩ። አዲስ አበባ ያለው የኢትዮጵያ ስፖርት አካዳሚ፣ አሰላ ያለው የጥሩነሽ ዲባባ የአትሌቲክስ ማሠልጠኛ ማዕከል፣ የክለቦች የታዳጊ ቡድኖች፣ የአካል ጉዳተኞች ስፖርት፣ የትምህርት ቤት ውድድሮች ሠልጣኝን ለመቀበል ይበልጥ የሚቀርቡና በትንሽ ስሕተት የሰው እንጀራ የማይበላሽባቸው ቦታዎች ናቸው። ዕድሜያቸው ከ18 በታች ከሆኑ ልጆች ጋር ሲሠሩ ከአሠልጣኙ ፈቃድ በተጨማሪ የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ፈቃድ በጽሑፍ ይያዝ። በሰሜን አሜሪካ የሚኖር አንባቢ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ የእግር ኳስ ውድድር ከሚያዘጋጀው የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ቡድኖች ጋር የመሥራት ዕድል አለው፤ ሱፐርቫይዘሩ አስቀድሞ ያላወቀው ሰዓት ግን እንደማይቆጠርለት ያስታውስ።

ከሥራው ጎን ለጎን በታወቁ ውድድሮች ላይ ተመሥርቶ በጽሑፍ መለማመድም ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2023 አውስትራሊያ ባትኸርስት ላይ በተካሄደው የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ለተሰንበት ግደይ እየመራች መጨረሻው መስመር ጥቂት ሜትሮች ሲቀሩት ወደቀች፤ ሰው ደግፎ ስላነሣትም ውጤቷ ተሰረዘ። በዚያው ዓመት ነሐሴ ቡዳፔስት ላይ በ10,000 ሜትር የብር ሜዳልያ አገኘች። ባትኸርስት ላይ በወደቀችበት ዕለት የቡድኑ ባለሙያ እርስዎ ቢሆኑ ኖሮ በመጀመሪያው ሰዓት ምን ያደርጉ ነበር? ምንስ ከማለት ይቆጠቡ ነበር? መልስዎን ጽፈው ለሱፐርቫይዘርዎ ያቅርቡ። ሌላው መልመጃ የተጠባባቂው ነው። ታምራት ቶላ ለፓሪስ 2024 ኦሊምፒክ ማራቶን የተመዘገበው በተጠባባቂነት ሲሆን፣ ሲሳይ ለማ በጉዳት ሲወጣ ውድድሩ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቀረው ተተክቶ በ2:06:26 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ። ተጠባባቂ ሆኖ የሚዘጋጅ ሰው ላይሮጥ በሚችልበት ውድድር ላይ ልቡን እንዴት ያኖራል? በየቡድኑ ብዙ ተጠባባቂ አለ፤ የሚያነጋግራቸው ሰው ግን ጥቂት ነው፤ ሠልጣኝ ሊጠቅም የሚችልበት ክፍት ቦታም ይኸው ነው።

ቋንቋና መጠይቅ

የሙያው መጻሕፍት የተጻፉት በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ መጠይቆቹም እንዲሁ። ከውድድር በፊት ያለን ጭንቀት ለመለካት ከሚያገለግሉት አንዱ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመው ባለ 27 ጥያቄ መጠይቅ፣ ሦስት ነገሮችን ለየብቻ ይለካል፦ በሐሳብ የሚመጣ ጭንቀት፣ በሰውነት ላይ የሚታይ ጭንቀትና በራስ መተማመን። ይህን ወደ አማርኛ ለማምጣት የሚነሣ ተማሪ በመጀመሪያው ቀን ችግር ይገጥመዋል። «ሆዴን ባር ባር አለኝ» የሚል ሯጭ የሚናገረው ስለ ሐሳቡ ነው ወይስ ስለ ሰውነቱ? ቃሉ ፍርሃትንም፣ ናፍቆትንም፣ ሆድ መባስንም ይይዛል። «በራሴ እተማመናለሁ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ደግሞ ትሕትናን ተምሮ ላደገ ልጅ ትዕቢት ስለሚመስለው፣ ያሸንፋል የተባለው ሯጭ እንኳ ዝቅተኛውን ቁጥር ሊያከብብ ይችላል። «እግዚአብሔር ያውቃል» ወይም «አላህ ካለ» የሚለው መልስም በራስ አለመተማመን ተደርጎ መቆጠር የለበትም፤ ለብዙ ስፖርተኛ የመተማመኑ ምንጭ ራሱ እርሱ ነውና።

ስለዚህ መጠይቅ ሲተረጎም ሁለት ሰዎች ለየብቻ ይተርጉሙት፤ ዋናውን ያላየ ሦስተኛ ሰው መልሶ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሰው፤ ልዩነቱ ከታየ በኋላ ለጥቂት ስፖርተኞች ይነበብና እያንዳንዱ ጥያቄ ምን እንዳሰኛቸው ይጠየቁ። መጠይቁ እስኪፈተን ድረስ ቁጥሩን ለአሠልጣኝ መስጠት ጉዳት አለው፤ ቁጥር ከወጣ በኋላ ማን እንደሚሰለፍ ለመወሰን ይውላልና። አማርኛ ብቻ መቻልም አይበቃም። ከአርሲ የሚመጡ ብዙ ሯጮች ልባቸው ያለው በአፋን ኦሮሞ ነው፤ ሌሎችም በትግርኛና በየቋንቋቸው። ቢያንስ አንድ ተጨማሪ ቋንቋ መማር በዚህች አገር ለዚህ ሙያ ከአንድ ኮርስ የሚበልጥ ዝግጅት ነው።

ስለ ሰው ዓይንና ስለ መተት የሚያወራ ስፖርተኛም መምጣቱ አይቀርም። መከራከርም ማጽደቅም የባለሙያው ሥራ አይደለም። ከመጥፎ ውድድር በኋላ ጸበል መጠመቅ ለአንዱ ዕረፍትና መጽናኛ ሊሆን ይችላል፤ ለሌላው ደግሞ ማንም ሊረዳኝ አይችልም የሚል ተስፋ መቁረጥ መደበቂያ ይሆናል። የሚጠየቀው እምነቱ እውነት ስለመሆኑ ሳይሆን ስፖርተኛው በእርሱ ምክንያት ምን እያደረገና ምን እየተወ እንደሆነ ነው።

የሥራው ድንበር

ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ ያደረገው የስፖርተኞች የአእምሮ ጤና መመዘኛ በአሥር ጥያቄዎች ይጀምርና ችግር የታየበትን ሰው ወደ ዝርዝር ምርመራ ያሻግራል። ይህ መመዘኛ ለሐኪሞችና ፈቃድ ላላቸው የጤና ባለሙያዎች የተዘጋጀ ነው፤ ለአሠልጣኝ፣ ለቤተሰብና ለስፖርተኛው ራሱ ደግሞ ምልክቶችን ብቻ የሚያሳይ ሌላ ቅጽ አለ። ሠልጣኙ የትኛውን ሊጠቀም እንደሚችል ማወቁ የድንበሩ አንድ ምልክት ነው። ሥራ ከመጀመሩ በፊትም በሚኖርበት ከተማ የሚልክባቸውን የሐኪሞችና የክሊኒኮች ዝርዝር በእጁ ይያዝ፤ በአዲስ አበባ የአማኑኤል ልዩ ሆስፒታል የታወቀ ነው። ሕይወቱን ለማጥፋት እንደሚያስብ የነገረውን ስፖርተኛ ለብቻው አይተወውም፤ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታም በዚህ ጊዜ ለሕይወቱ ቦታ ይለቃል፤ ይህም አስቀድሞ በመጀመሪያው ቀን ለስፖርተኛው ሊነገረው ይገባል።

ሐዘን ግን በሽታ አይደለም። ቀነኒሳ በቀለ እ.ኤ.አ. በጥር 2005 እጮኛውን በልምምድ ላይ ሳሉ በሞት ተነጠቀ። በዚያው ወር መጨረሻ ቦስተን ላይ በ3,000 ሜትር የቤት ውስጥ ውድድር ዙሩን ተሳስቶ አንድ ዙር ሲቀረው ፍጥነቱን ጨርሶ ተሸነፈ፤ በመጋቢት ግን በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና አጭሩንም ረጅሙንም ርቀት አሸነፈ። ጀማሪ ባለሙያ ይህን ሲሰማ ዙሩን ያሳሳተው ሐዘኑ ነው ብሎ ለመናገር ይቸኩላል። ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን ያላነጋገሩትን ሰው ከሩቅ መመርመር በሙያው ሥነ ምግባር የተከለከለ ነው። በሬዲዮና በቴሌቪዥን ስለ ታወቁ ስፖርተኞች አእምሮ እንዲተነትኑ ሲጋበዙ የሚፈተኑት በዚሁ ነው።

አሠልጣኙና ውሉ

እ.ኤ.አ. በ1925 በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ምርምር ቤተ ሙከራ የከፈተው ኮልማን ግሪፊት፣ በ1938 የቺካጎ ከብስ የቤዝቦል ቡድን ባለቤት ቀጥሮት ነበር። ዕውቀቱም መሣሪያውም ነበረው፤ ሥራው የተሰናከለው የቡድኑ አሠልጣኝ ስላልተቀበለው ነው። ባለቤቱ ወይም ፌዴሬሽኑ ያመጣው ሰው አሠልጣኙን ሳያሳምን ከተጫዋች ጋር ቢቀመጥ ዛሬም የሚገጥመው ይኸው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ወር ለአሠልጣኙ ይሰጥ፤ ከንጋቱ 11 ሰዓት እንጦጦ ላይ ተገኝቶ ማየት፣ አሠልጣኙ ራሱ የሚጠቀምባቸውን ዘዴዎች መመዝገብ፣ በጎደለው ላይ ብቻ መጨመር። ብዙ የአገራችን አሠልጣኞች የሥነ ልቦናን ሥራ ስሙን ሳይጠሩት ሲሠሩት ኖረዋል።

ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ማን ይከፍላል? አሠልጣኙ ምን ይነገረዋል? ማናጀሩስ? ክለቡ ከፍሎ ተጫዋቹ የሚናገረው ምስጢር ሲሆን ከፋዩ ሪፖርት መጠየቁ አይቀርም፤ ለአሠልጣኙ የሚሰጠው መረጃ ተጫዋቹ አስቀድሞ የተስማማበት ብቻ እንደሆነ በአንድ አንቀጽ ይስፈር። ከቡድን ጋር የሚሠራ ባለሙያ በፀረ አበረታች ቅመሞች ደንብ የሚገዛ የስፖርተኛ ረዳት መሆኑንም ማወቅ አለበት፤ የዓለም ፀረ አበረታች ቅመሞች ድርጅት በኢንተርኔት የሚሰጠው ትምህርት ነፃ ስለሆነ ከመጀመሪያው የሥራ ቀን በፊት ይጠናቀቅ። ከስፖርተኛ ስጦታ መቀበል፣ በሽልማቱ ላይ በመቶኛ መደራደር፣ አብሮ ንግድ መጀመር ሁሉም ከውሉ ውጭ ይሁኑ፤ ክፍያው ለሰዓት ወይም ለወር ነው።

በውሉ መጨረሻ ሥራው የሚያበቃበት ቀንና የመጨረሻው ውይይት ይቀመጥ። ስፖርተኛው የተማረውን ልምምድ በራሱ መቀጠል መቻሉ በዚያ ውይይት ይፈተሻል፤ ማስታወሻዎቹ በተቆለፈ ቦታ ይቀመጣሉ። ስሙን ወይም ፎቶውን ለማስታወቂያ መጠቀም የሚቻለው ራሱ በጽሑፍ ሲፈቅድ ብቻ ነው፤ ካልፈቀደ፣ ሜዳልያ ሲያጠልቅ በቴሌቪዥን እያዩ አጠገብዎ ለተቀመጠው ዘመድ እንኳ ከእርሱ ጋር ሠርተው እንደነበር አይናገሩም።